ስለ ቤሩት ከተማ ቅጥርና በሮቿ

በአገራችን አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ደራጎኑን ሲወጋ፣ ብሩታዊትም በዛፍ ላይ ሆና ስትመለከት ያላየ ምእመን አይገኝም። ብሩታዊት ማለት የቤሩት ሴት ማለት ነው። ሥዕሉን የሚሳለመው ብዙ ሲሆን፣ ቤሩት እንዴት ያለች ከተማ እንደ ነበረች የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነውና፣ ለተማሪዎች ይጠቅማል ብለን ይህን ጻፍን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስሟ በጥንት ከነዓናውያን ቋንቋ «ጉድጓዶች» ማለት ነው፤ ቤርሳቤህ በሚለው ስም ውስጥ ያለው ያው ቃል ነው። ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ14ኛው መቶ ዓመት ንጉሥዋ አሙኒራ ለግብጽ ፈርዖን የላካቸው ደብዳቤዎች በሸክላ ላይ ተጽፈው ተገኝተዋል። በአውግስጦስ ቄሣር ዘመን የሮም ወታደሮች ሰፈሩባት፤ ከዚያም በኋላ የሕግ ትምህርት ቤቷ ዝናው በዓለም ተሰማ። በሃይማኖተ አበው ቃሉን የምናነበው ሳዊሮስ ዘአንጾኪያ፣ ገና ሳይጠመቅ በ480ዎቹ ዓመታት ሕግ የተማረው በዚህች ከተማ ነው። ንጉሡ ዮስጢንያኖስም የሮምን ሕግ ባሰበሰበ ጊዜ ዶሮቴዎስና አናቶልዮስ የተባሉ የቤሩት መምህራን ከሠራተኞቹ መካከል ነበሩ። በ551 ግን ምድር ተናወጠች፤ ባሕሩም ተነሥቶ ከተማዪቱን አፈረሳት፤ ትምህርት ቤቱም ወደ ሲዶና ተዛወረ።

ከዚህ በኋላ ቤሩት በቅጥር የተከበበች ትንሽ ከተማ ሆና ኖረች። በ635 ዐረቦች ያዟት፤ በ1110 ባልድዊን የተባለው የመስቀል ጦረኞች ንጉሥ፣ በ1187 ሳላሕ አድ ዲን፣ ከ10 ዓመት በኋላ ደግሞ ጦረኞቹ ተመልሰው፣ በ1291 ማምሉኮች ወሰዷት። ጦረኞቹ በቅዱስ ዮሐንስ ስም የሠሩት ቤተ ክርስቲያን መስጊድ ሆኖ እስከ ዛሬ ቆሟል። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀዛር ፓሻ ቅጥሩን አደሰ። በሮቿም ሰባት እንደ ነበሩ ይነገራል፤ ወደ ወደቡ የሚያወጣው የቆዳ ፋቂዎች በር፣ በምዕራብ ያለው የኢድሪስ በር፣ በደቡብ ያለው የያዕቆብ በር ከእነርሱ ናቸው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በቅጥሩ ውስጥ የሚኖረው ሰው ወደ 6 ሺህ ይገመታል፤ ይህም ዛሬ የአንድ ሰፈር ሕዝብ እንኳ አይሞላም።

ቅጥሩን ያጠፋው መድፍ ብቻ አይደለም። በ1840 የእንግሊዝ መርከቦች ከተማዪቱን ደብድበዋል፤ ይሁን እንጂ በ1860 ከተራራው ጦርነት የሸሸው ሕዝብ ሲጎርፍባት፣ ንግዱም ሲሰፋ፣ ሰው ከቅጥሩ ውጭ ቤት ሠራ፤ ቅጥሩም ጥቅሙ ቀርቶ ጥቂት በጥቂት ፈረሰ። በ1975 ተጀምሮ በ1990 ያበቃው የእርስ በርስ ጦርነት መካከለኛውን ከተማ ካወደመ በኋላ፣ መሬቱ ሲቆፈር የከነዓናውያን ምሽግና የኋለኛው ዘመን ቅጥር መሠረት ተገለጠ። ነገር ግን እንደገና ለመገንባት በተደረገው ጥድፊያ ከተገለጠው ብዙው ጠፋ፤ ጦርነቱ ያስተረፈውን ሰላም ማጥፋቱ የሚያሳዝን ነው። የኢድሪስ በር ግን ድንጋዩ ጠፍቶ ስሙ በሰፈሩ ቀርቷል።

አሁን ወደ ሥዕሉ እንመለስ። በታሪኩ የከተማው ሰዎች በቅጥራቸው ውስጥ ተቀምጠው፣ ደራጎኑ እንዳይነካቸው ልጆቻቸውን በየተራ ከበሩ ያወጡ ነበር፤ መጨረሻ ተራው ለንጉሡ ልጅ ደረሰ። የቤሩት ሰዎች ይህ የሆነበት ነው የሚሉት ቦታ ከአሮጌው ቅጥር በስተ ምሥራቅ፣ በቤሩት ወንዝ አጠገብ ካራንቲና በሚባለው ሰፈር ነው። ቀድሞ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን የነበረው በኋላ መስጊድ ሆኖ አል ኸድር ይባላል፤ ለሰማዕቱ እስላሞችም በዚህ ስም ክብር ይሰጣሉ። ነሐሴ 4 ቀን 2020 በወደቡ የተከማቸው 2750 ቶን አሞንየም ናይትሬት ሲፈነዳ ሰፈሩ ክፉኛ ተጎዳ፤ ከ200 በላይ ሰዎችም ሞቱ።

ከፍንዳታው ሁለት ወር ቀደም ብሎ የሊባኖስ ገንዘብ ዋጋ ሲወድቅ፣ በየቤቱ ያገለግሉ የነበሩትን የአገራችንን ሴቶች ልጆች አሠሪዎቻቸው ደመወዛቸውን ሳይከፍሉ በመኪና እያመጡ፣ ከከተማዪቱ ዳር ሐዝሚዬ በሚባለው ሰፈር፣ በኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ትተዋቸው ሄዱ። ብዙዎቹም ከሻንጣቸው ጋር በመንገድ ዳር አደሩ።