የማልኮስ ጆሮ በመተማ ሜዳ

የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 18ን ስናነብ ቶሎ ወደ ጲላጦስ ፊት እንሮጣለን። ዛሬ ግን ከቄድሮን ወንዝ ማዶ ባለው አትክልት ስፍራ ጥቂት እንቆይ። ፋኖስና ችቦ የያዙ ሰዎች መጥተዋል። ጌታ ራሱን አሳልፎ ሰጥቶ ደቀ መዛሙርቱን እንዲተዉአቸው ጠየቀ። ጴጥሮስ ግን ሰይፍ መዝዞ የሊቀ ካህናቱን ባሪያ ቀኝ ጆሮ ቆረጠ። ባሪያው ማልኮስ እንደሚባል የነገረን ዮሐንስ ብቻ ነው፤ ጌታ ጆሮውን ዳስሶ እንደ ፈወሰው የጻፈልን ደግሞ ሉቃስ ብቻ ነው (22፥51)።

ይህን ክፍል በምዕራብ ጎንደር ቆላ ሆኖ ለሚያነብ ሰው ነገሩ ሩቅ አይደለም። የድንበሯ ከተማ መተማ ዮሐንስ የምትባለው እዚያ በወደቁት ንጉሥ ስም ነው።

በጥር 1880 ዓ.ም. በአቡ አንጃ የሚመራው የደርቡሾች ጦር የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሳር ውሃ ላይ ድል አድርጎ ጎንደር ገባ። አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠለ፤ ብዙ ሰው ማርኮ ወሰደ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ግን ወዲያው ወደ ጦርነት አልሮጡም። በታኅሣሥ 1881 ለአቡ አንጃ ደብዳቤ ጽፈው፣ የሁለቱም ሕዝብ ጠላት አውሮፓዊው ስለሆነ እርስ በርስ መተላለቁ ይቅር አሉ። የመጣላቸው መልስ ስድብ ነበር። መጋቢት 1 ቀን 1881 መተማ ላይ ጦርነቱ ተጀመረ፤ ሠራዊታቸው የደርቡሾቹን የእሾህ አጥር ጥሶ ሊያሸንፍ ሲል ንጉሡ በጥይት ቆሰሉ። በማግስቱ ዐረፉ። አስከሬናቸው በአትባራ ወንዝ አጠገብ በጠላት እጅ ወደቀ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ኦምዱርማን ተወሰደ።

ጴጥሮስንና ንጉሡን አንድ ልናደርግ አይደለም። ሮሜ 13 ለመንግሥት ሰይፍ ይሰጠዋል፤ ጎንደር ስትቃጠል እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ንጉሥም ንጉሥ አይደለም። የጴጥሮስን ሰይፍ የምናየው ከዚያ 11 ዓመት አስቀድሞ በቦሩ ሜዳ ነው። በ1870 ዓ.ም. ከተደረገው ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሡ ታዘዙ። መሪያቸው መሐመድ ዓሊ ተጠምቆ ራስ ሚካኤል ተባለ። ከሕዝቡ ግን የሸፈተ ሸፈተ፣ የተሰደደ ተሰደደ፣ የቀረውም ብዙው በቀን ክርስቲያን በሌሊት ሙስሊም ሆኖ ኖረ። ከኦምዱርማንም በበኩሉ ንጉሡ እንዲሰልሙ የሚጠይቅ ደብዳቤ ይመጣ ነበር! ሁለቱም ወገን ልብን በሰይፍ መግዛት እንደሚቻል አምኖ ነበር።

ጌታ በጲላጦስ ፊት የተናገረው ከዚህ ጋር ይገናኛል። መንግሥቱ ከዚህ ዓለም ብትሆን ኖሮ ሎሌዎቹ ይዋጉለት እንደ ነበር ነገረው (18፥36)። እስቲ አስቡት፤ ማልኮስ ጆሮው ተቆርጦ፣ ደሙ እየፈሰሰ አደባባዩ ላይ ቢቆም ኖሮ ይህ ቃል ምን ይሆን ነበር? ከሳሾቹ ሌላ ምስክር ባላስፈለጋቸው! ጌታ በዚያች ሌሊት የፈወሰው አንድ ጠላቱን ብቻ አይደለም፤ የገዛ ወዳጁ ያበላሸውን ምስክርነትም አድኗል።

በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሣ ብዙ ሱዳናውያን በዚችው መተማ በኩል ሸሽተው ገቡ፤ ኩመር ላይም ተጠለሉ። ከእነርሱ መካከል የደርቡሾቹ የልጅ ልጆች አይጠፉም። የተቀበላቸውም የቆላው ሰው ራሱ በጦርነትና በእገታ የተጨነቀ ነው። በጉባኤያችን ጠላት ይውደቅ ብለን ስንጮኽ ሰይጣንን ነው እንላለን፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ጎረቤታችንን ማለታችን እንደ ሆነ ድምፃችን ያሳብቅብናል። እነዚህ እንግዶች በአጥራችን ማዶ ሆነው ጸሎታችንን ቢሰሙ፣ ስለ ጌታ ምን ይረዱ ይሆን?

ዮሐንስ አንድ ነገር አክሎልናል። በዚያች ሌሊት በሊቀ ካህናቱ ግቢ እሳት ሲሞቅ ጴጥሮስን በመጨረሻ የጠየቀው ሰው የማልኮስ ዘመድ ነበር (18፥26)። በአትክልቱ ስፍራ ከኢየሱስ ጋር አይቶታል። ጆሮ የቆረጠው እጅ ከእሳቱ በላይ ተዘርግቶ ይሞቃል፤ የተቆረጠበት ሰው ዘመድ ፊቱን ትኩር ብሎ ያየዋል። ጴጥሮስም አይደለሁም አለ፤ ወዲያው ዶሮ ጮኸ።