ምርጥ ተማሪን መርጦ ማስተማር፦ የልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ስኬት በምን ይለካ?

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ በሆነ ቁጥር የልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ስም ቀድሞ ይነሣል። በ2015 ዓ.ም. ፈተናውን ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267፣ ማለትም 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። እንዲህ ባለ ዓመት አብዛኞቹን ተፈታኞቹን ያሳለፈ ትምህርት ቤት ጎልቶ ቢታይ አያስገርምም። ተማሪዎቹ ሌሊት ከቀን ለፍተዋል፣ መምህራኑም ደክመዋልና ምስጋናው ይገባቸዋል።

ይሁን እንጂ የማለፊያ መቶኛው ብቻውን ስለ ትምህርት ቤቱ የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው። ተማሪዎቹ ገና ሲገቡ በ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪና በመግቢያ ፈተና ተመዝነው፣ ከብዙዎች መካከል ተለይተው የመጡ ናቸው። ከአራት ዓመት በኋላ ጥሩ ውጤት ሲያመጡ ከውጤቱ ምን ያህሉ የልጁ ተሰጥኦ፣ ምን ያህሉ የቤተሰቡ ድጋፍ፣ ምን ያህሉ የትምህርት ቤቱ ሥራ እንደሆነ ቁጥሩ አይለይም። እኔ የምከራከረው የነጻ አዳሪ ትምህርት ዕድል ትልቁ ፍሬ የሚገኘው ያለ እሱ ትምህርቱን ሊያቋርጥ በነበረ ጎበዝ ልጅ ላይ ነው ብዬ ነው። ስኬቱ መለካት ያለበትም ልጁ ከተነሣበት ቦታ ጀምሮ ነው።

በዚህ ረገድ የራሳችን ታሪክ ብዙ ያስተምራል። ከተማሩት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተገድለው ስለነበር፣ ከነጻነት በኋላ መንግሥት ቢሮውን የሚያንቀሳቅስለት ሰው አጥቶ ተቸገረ። በኮተቤ እ.ኤ.አ. በ1943 የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና በ1946 በእንግሊዞች ድጋፍ የተመሠረተው ጄኔራል ዊንጌት የተቋቋሙት ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። ከስድስት ኪሎው ዩኒቨርሲቲ ጋር የተያያዘው ልዑል በዕደ ማርያምም ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡ ተማሪዎችን ተቀብሎ ለከፍተኛ ትምህርት ያዘጋጅ ነበር። ለሴቶች ደግሞ ከወረራው በፊት እ.ኤ.አ. በ1931 የተቋቋመው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ነበር። ከኢሉባቦር የመጣው ደራሲ በዓሉ ግርማ በውጤቱ ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ዊንጌት ገባ፤ ለጋዜጠኝነት ያደረበት ፍቅርም የተጸነሰው እዚያ ነው። የአድዋው ልጅ መለስ ዜናዊም ከዚያው ትምህርት ቤት ጨርሰው ሕክምና ለማጥናት ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል። እነዚህ ሰዎች በኋላ የሄዱበት መንገድ እጅግ የተለያየ ቢሆንም፣ ከክፍለ ሀገር ተነሥተው ወደ አደባባይ የወጡበት በር አንድ ነው።

ለክርክሬ ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ የማገኘው ግን ብዙ ከማይወሳው ከጅማ የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ እ.ኤ.አ. በ1950 በምዕራብ ሸዋ ወሎንኮሚ፣ አንድ ክፍል ባላት የሣር ጎጆ ውስጥ ተወለዱ። እናታቸው ፊደል ባይቆጥሩም ልጃቸው እንዲማር ቆርጠው ነበር። የሚቀጥለው ደረጃ ትምህርት ቤት የሚገኘው 20 ኪሎ ሜትር ርቆ ስለነበር ልጁ እሑድ ማታ በእግሩ እየሄደ፣ ሳምንቱን እዚያው ተምሮ ዓርብ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ያቋቋሙት የጅማው አዳሪ ትምህርት ቤት የተቀበላቸው። ከጅማ በከፍተኛ ማዕረግ ወደ ዓለማያ ኮሌጅ አለፉ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 በዕፅዋት ሳይንስ ተመረቁ፣ ከዚያም በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ሠሩ። ሱዳን ውስጥ ሲሠሩ ድርቅ የሚቋቋም ዲቃላ ማሽላ አወጡ፤ ዝርያው በ1983 ለገበሬው ተለቀቀ። ቀጥለውም አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን ከባልደረቦቻቸው ጋር አበረከቱ። አቀንጭራ ሥሩን በማሽላው ሥር ላይ ተክሎ የሚመጠምጥ፣ ማሳ ሙሉ ሰብል የሚያስቀር አረም እንደሆነ የወሎና የትግራይ ገበሬ አሳምሮ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት የተሰጣቸው ለዚህ ሥራቸው ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የአዳሪ ትምህርት ቤቱ ድርሻ ምን ነበር? ብልህነቱን ጅማ አልሰጣቸውም፤ የእናታቸውንም ቁርጠኝነት አልፈጠረም። የሰጣቸው አልጋ፣ ምግብና የማጥኛ ሰዓት ነው። ዛሬም በገጠር ከ8ኛ ክፍል በኋላ የሚቀጥል ልጅ የሚያጣው እነዚህኑ ነው። ወረዳው ከተማ ላይ ከሁለትና ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ይከራያል። ድርቆሹን፣ ሽሮውንና ቆሎውን ከቤቱ ቋጥሮ ይመጣል፤ ስንቁ ሲያልቅ ቅዳሜ ገበያ የምትወጣ እናቱን ወይም ጎረቤት ይጠብቃል። ከክፍል ሲመለስ ውኃ ይቀዳል፣ እሳት ያነዳል፣ ወጥ ይሠራል፤ ደብተሩን የሚገልጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ለሴት ልጅ ደግሞ ችግሩ ድርብ ነው። የጓዳው ሥራ በሷ ላይ ይወድቃል፤ በኪራይ ቤት ብቻዋን ማደሯ ያሠጋል፤ ወላጆቿም በዚህ ፍርሃት የተነሣ ለትዳር ያስቧታል። ለእንዲህ ያለችው ልጅ በር ያለው ማደሪያና ማታ ደወል ተደውሎ የሚጀመር የጥናት ሰዓት ሕይወቷን የሚወስን ነገር ነው።

በሌሎች አገሮች የተደረጉ ጥናቶችም ወደዚሁ ያመለክታሉ። ተመራማሪዎች የመቁረጫ ነጥቡን ለጥቂት ያለፉ ተማሪዎችን ለጥቂት ከቀሩት ጋር ያነጻጽራሉ፤ ሁለቱ ወገኖች በችሎታ እኩል ናቸው ማለት ስለሚቻል፣ ኋላ የሚታየው ልዩነት የትምህርት ቤቱ ነው። አብዱልቃዲሮግሉ፣ አንግሪስትና ፓታክ በቦስተንና በኒው ዮርክ በፈተና በሚገባባቸው ዝነኛ ትምህርት ቤቶች ላይ ይህን ሲያደርጉ ያገኙት ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ ጥናታቸው የታተመው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። በዚያው ዓመት ሉካስና ምቢቲ የኬንያን ብሔራዊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መርምረው ተመሳሳይ ነገር አሳዩ። በአገሪቱ የገነነ ስም ያላቸው እነዚህ ትምህርት ቤቶች በመቁረጫው አካባቢ ያለውን ተማሪ የማጠናቀቂያ ፈተና ውጤት ይህ ነው በሚባል ደረጃ አላሳደጉም። በአንጻሩ ከርቶና ፍራየር በዋሽንግተን ከተማ ለድሃ ቤተሰብ ልጆች የተቋቋመውንና ተማሪ በዕጣ የሚቀበለውን ሲድ የተባለ አዳሪ ትምህርት ቤት ሲያጠኑ፣ በየዓመቱ በንባብም በሒሳብም ጉልህ መሻሻል አገኙ። ሲድ ጎበዝ አልመረጠም፤ በሩን የከፈተው ለችግረኛ ነው።

የፈረንሳዩ ጥናት ጉዳዩ ቀላል እንዳልሆነ ያሳያል። ቤሃገል፣ ደ ሼዝማርተንና ጉርጋን ከፓሪስ ወጣ ብሎ በሱርደን የሚገኝ አዳሪ ትምህርት ቤት የተቀበላቸውን፣ ዝቅተኛ ኑሮ ካላቸው ቤተሰቦች የመጡ ተማሪዎችን ተከታተሉ። በአንደኛው ዓመት ውጤቱ አልተሻሻለም፤ የልጆቹ የደኅንነት ስሜትም ቀነሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ የሒሳብ ውጤት ከፍ አለ፤ ያም ቢሆን በአብዛኛው ቀድሞውንም ጠንካራ በነበሩት ላይ ነው። ከዚህ የምረዳው የመጀመሪያው ዓመት አደገኛ መሆኑን ነው። በመንደሩ አንደኛ የነበረ ልጅ ሁሉም አንደኛ በሆነበት ክፍል ሠላሳኛ ሲወጣ ራሱን እንደ ሰነፍ ይቆጥራል፤ ከናፍቆቱ ጋር ተደምሮ ልቡን ሊሰብረው ይችላል። በብዙ የነጻ ትምህርት ዕድሎች ላይ ውጤቱ ከተወሰነ ነጥብ በታች የወረደ ተማሪ ዕድሉን ይነጠቃል። ይህን ደንብ በመጀመሪያው ዓመት ላይ መጫን ልጁን የተቀበልንበትን ዓላማ ያፈርሰዋል ብዬ አምናለሁ። በዚያ ዓመት የሚያስፈልገው ቀርቦ የሚያነጋግረው አማካሪና አንድ ክፍል የቀደመው ታላቅ ወንድም ወይም እኅት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ምርጫው ነው። ተማሪ በንጹሕ የፈተና ነጥብ ብቻ ከተመረጠ፣ በከተማ በጥሩ የግል ትምህርት ቤት የተማረና ማታ አስጠኚ የተቀጠረለት ልጅ፣ ኩራዝ ይዞ ካጠናው መብለጡ የማይቀር ነው። ያን ጊዜ ነጻው ዕድል ክፍያውን ከራሱ ኪስ ሊሸፍን ለሚችል ቤተሰብ የሚሰጥ ስጦታ ይሆናል። ሕንድ ይህን ችግር አስቀድማ አይታለች። እ.ኤ.አ. ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ጋር ተያይዘው የተስፋፉት የናቮዳያ ነጻ አዳሪ ትምህርት ቤቶች በፈተና ይመርጣሉ፤ ነገር ግን ከቦታው ቢያንስ 75 በመቶው ለገጠር ልጆች፣ ሲሶው ለሴቶች የተጠበቀ ነው። ጎበዙ ከጎበዝ ጋር ይወዳደራል፤ ውድድሩ ግን በአንድ ዓይነት ሁኔታ ባደጉ ልጆች መካከል ይሆናል።

የናቮዳያ ሌላው ሐሳብ እኛንም በቀጥታ የሚነካ ነው። 9ኛ ክፍል ሲደርሱ ከተማሪዎቹ የተወሰኑት ሂንዲ ተናጋሪ ከሆነው አካባቢ ወደ ሌላው፣ ከሌላውም ወደዚያ ተዛውረው ይማራሉ። ዊንጌትና በዕደ ማርያም ይህን ያለ ፖሊሲ ያደርጉት ነበር፤ የጎጃሙ፣ የሐረርጌው፣ የወለጋውና የኤርትራው ልጅ በአንድ መኝታ ቤት ያድር ነበር። የተማሪዎች ንቅናቄ የተቀጣጠለው ከዚያ ትውልድ መካከል መሆኑ፣ አብሮ ማደር ልጆችን ስለ አገር በአንድነት እንዲያስቡ ሊያደርግ እንደሚችል ይጠቁማል። ዛሬ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶቻችን በአመዛኙ በክልሎችና በልማት ማኅበራት ተቋቁመው የየራሳቸውን ልጆች ይቀበላሉ። ያሳደጋቸውን ማኅበረሰብ ማገልገላቸው የሚደነቅ ነው፤ ነገር ግን ከየትምህርት ቤቱ ጥቂት ቦታ ለሌላ ክልል ተማሪ ቢለቀቅ የሚጠይቀው ወጪ ትንሽ፣ ጥቅሙ ብዙ ነው።

ስለዚህ የውጤቱ ዘገባ መለወጥ አለበት። የየትምህርት ቤቱ የመዝገብ ክፍል ለመግቢያ ሲል የሰበሰበው የእያንዳንዱ ተማሪ የ8ኛ ክፍል ውጤት፣ የመጣበት ወረዳና የወላጆቹ የትምህርት ደረጃ ከማኅደሩ አይጠፋም። በመግቢያ ፈተናው ለጥቂት የቀሩት ልጆች ነጥብም እዚያው አለ። እነዚህ ልጆች ከአራት ዓመት በኋላ በየወረዳቸው ትምህርት ቤት ሆነው ያንኑ ብሔራዊ ፈተና ይወስዳሉ። የሁለቱን ወገን ውጤት ጎን ለጎን፣ የገጠሩንና የከተማውን፣ የወንዱንና የሴቷን ለይቶ ማተም ለአንድ የስታቲስቲክስ ባለሙያ የጥቂት ሳምንታት ሥራ ነው። መግባት ተነፍጓቸው ከ9ኛ ወይም ከ10ኛ ክፍል የቀሩትም በዚያ ሰንጠረዥ ውስጥ መቆጠር አለባቸው።