ባሪያው፥ ንጉሡና ዳኛው

የሰው ልጅ ሁሉ በአንድ መንፈስ የተሳሰረ ነው የሚለው አሳብ ለጆሮ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን አንድን አሳብ መውደድና በአሳቡ መኖር የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ታሪክ ያስተምረናል። ለዚህ ምስክር የሚሆነኝን አንድ ታሪክ ከሮማውያን ዘመን መርጬ ለአንባቢ አቀርባለሁ፤ ዓመታቱም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ይህን አሳብ አጥብቀው ካስተማሩት መካከል በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ስማቸውን የምናገኘው ኢስጦኢኮች ይገኛሉ። መሥራቻቸው የቆጵሮሱ ዜኖን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ግድም በአቴና ከተማ፥ በሥዕል ባጌጠ የደጅ መመላለሻ ያስተምር ነበር። እንደ ትምህርታቸው ዓለምን ሁሉ ዘልቆ የሚያኖር አንድ መለኮታዊ እስትንፋስ አለ፤ በእያንዳንዱ ሰው ውስጥ ያለው ልቡናም የዚሁ ክፋይ ነው። እንግዲያስ ጌታና ባሪያ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

ከትምህርቱ ሊቃውንት አንዱ ኤፒክቴጦስ በፍርግያ አገር በኢያራ ከተማ የተወለደ ባሪያ፥ እግሩም አንካሳ ነበር። ነፃ ከወጣ በኋላ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ዶሚጥያኖስ ፈላስፎችን ከሮማ ባባረረ ጊዜ ወደ ኒቆጶሊስ ሄዶ አስተማረ። እርሱ ራሱ መጽሐፍ አልጻፈም፤ ቃሉን ጽፎ ያቆየልን ደቀ መዝሙሩ አርያኖስ ነው።

ይህ የባሪያው ቃል በሩስቲኮስ እጅ ወደ ቤተ መንግሥት ገባ። ሩስቲኮስ የማርቆስ አውሬልዮስ መምህር ነበር፤ ማርቆስም ከ161 እስከ 180 ዓ.ም. ሮማን የገዛ ንጉሠ ነገሥት ነው። ይህ ንጉሥ ከፊሉን በዳኑብ ወንዝ አቅራቢያ በጦር ሰፈር ሳለ ለራሱ ምክር ብሎ በጻፈው መጽሐፍ፥ የኤፒክቴጦስን ቃል ስለ ሰጠው ሩስቲኮስን ያመሰግናል፤ ሰዎችም እንደ እጅና እንደ እግር ለመተባበር መፈጠራቸውን ያሳስባል። ታላቁ ንጉሥ ከአንካሳው ባሪያ ሲማር ከማየት የበለጠ የመንፈስን አንድነት የሚያስረዳ ምን አለ?

ታሪኩ ግን በዚህ አያበቃም። ሩስቲኮስ የሮማ ከተማ ገዥና ዳኛ ሆኖ ሳለ፥ በ165 ዓ.ም. ግድም ዩስጢኖስ ከስድስት ባልንጀሮቹ ጋር ተከሶ በፊቱ ቆመ። ዩስጢኖስ የፈላስፋ ካባ የሚለብስ ክርስቲያን ነበር፤ አስቀድሞ ከአንድ ኢስጦኢክ ዘንድ ተምሯል፤ የእግዚአብሔር ቃል ዘር በሰው ልጅ ሁሉ ውስጥ እንደ ተዘራም ጽፏል። ዳኛውና ተከሳሹ ተቀምጠው ቢወያዩ የሚስማሙበት ነገር ባልታጣ ነበር። ሩስቲኮስ ግን ለአማልክት እንዲሠዉ አዘዘ፤ እምቢ ባሉም ጊዜ ተገርፈው በሰይፍ እንዲሞቱ ፈረደ። ከሰባቱ አንዱ ኤዌልጲስጦስ የንጉሠ ነገሥቱ ባሪያ ነበር።

እንግዲህ የባሪያን ቃል ለንጉሥ ያበረከተው እጅ፥ የንጉሡን ባሪያ ለሰይፍ ሰጠ! እኔ ይህን ባሰብሁ ቍጥር ሩስቲኮስን ክፉ ሰው ነው ብዬ አልፌው ለመሄድ አይቻለኝም። እርሱ ሕግ አስከባሪ ሹም ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ባሪያ ከአንባቢው ሹመትም ልማድም አይጠይቅም፤ በፊቱ የቆመው ባሪያ ግን ሁለቱንም ይጠይቀው ነበር። በእኛም አገር ሁላችን የአዳም ልጆች ነን እየተባለ ሲሰበክ፥ ባርነት እስከ 1934 ዓ.ም. (በእኛ አቈጣጠር) አዋጅ ድረስ በሕግ ሳይሻር መቆየቱን ማስታወስ ይገባናል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ የሰው ልጅን ሁሉ እወዳለሁ ማለት ቀላል ነው፤ የሰው ልጅ ሁሉ መጥቶ ደጃችንን አያንኳኳምና። የሚያንኳኳው አንድ ሰው ነው፤ እርሱም አንዳንድ ጊዜ ድኻ፥ አንዳንድ ጊዜ ባዕድ፥ አንዳንድ ጊዜ እምነቱ ከእምነታችን የተለየ ነው። አንዱ መንፈስ በሁላችን መኖሩን ማመናችን የሚታወቀው ለዚህ አንድ ሰው በምንሰጠው ፍርድ ነው።