ቁልፉ በማን እጅ ነው?

ተማሪና አስተዳደር ሲጣሉ ብዙዎቻችን ጉዳዩን ሳንሰማ ለተማሪው እንፈርዳለን። ልማዳችን ነው፤ አይፈረድብንም። በአሜሪካ ኮሌጆች ግን «ፍራተርኒቲ» የሚባሉት ማኅበራትና አስተዳደሮቹ ከመቶ ዓመት በላይ የተናነቁበትን ታሪክ ስናገላብጥ ይህ ልማዳችን ያስቸግረናል። ተማሪው የትኛው ነው? ማኅበሩ ውስጥ የተቀመጠው ነው፣ ወይስ ደጅ የቀረው? (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

ፍራተርኒቲ ማለት የወንድማማቾች ማኅበር ማለት ነው። ስሙን ከግሪክ ፊደላት ይወስዳል፤ ምስጢርም መሐላም አለው። በኒውዮርክ ግዛት በዩኒየን ኮሌጅ በ1825 ካፓ አልፋ፣ በ1827 ደግሞ ሲግማ ፋይና ዴልታ ፋይ ተቋቋሙ። የዚያን ዘመን ኮሌጅ እናስታውስ፦ ጸሎቱ ግዴታ ነው፤ ትምህርቱ ላቲንና ግሪክ በቃል አጥንቶ መወጣት ነው፤ መውጫ መግቢያው በመምህራን ዓይን ሥር ነው። ታዲያ ወጣቱ የራሱን በር ዘግቶ የሚከራከርበትና የሚጫወትበት ቤት ቢያበጅ ምን ይገርማል? እስከዚህ ድረስ እኛም ከማኅበርተኞቹ ጋር ነን።

የአስተዳደሮቹ የመጀመሪያ መሣሪያ ክልከላ ነበር። ፕሪንስተን ከ1855 ጀምሮ አዲስ ገቢውን ሁሉ «የምስጢር ማኅበር አልገባም» ብሎ እንዲፈርም አስገደደ። በኢንዲያና የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ኤመርሰን ዋይትም ይህንኑ ሞከሩ። አንድ የሲግማ ካይ አባል አልፈርምም አለና ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1882 የሰጠው ፍርድ ባጭሩ ይህ ነው፦ ዩኒቨርሲቲው ተማሪውን ከገባ በኋላ ሥርዓት ሊያስይዘው ይችላል፤ የማኅበር አባል ነህ ብሎ ግን በሩን ሊዘጋበት አይችልም። በተከታዩ ዓመት የግዛቱ ምክር ቤት ደንቡ ካልተነሣ ገንዘብ አልሰጥም አለ፤ ዋይትም ሥራቸውን ለቀቁ።

ድል ነው እኮ! ሰው በማንነቱ በር አይዘጋበትም ተባለ። ግን ይህን ፍርድ ያገኙት ማኅበራት የራሳቸውን በር ምን አደረጉት?

ብዙዎቹ አገር አቀፍ ፍራተርኒቲዎች ጥቁሮችንና አይሁዶችን አያስገቡም ነበር፤ አንዳንዶቹ በልማድ፣ አንዳንዶቹ በጽሑፍ በሰፈረ ደንብ። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሰባት ጥቁር ተማሪዎች በ1906 አልፋ ፋይ አልፋን ያቋቋሙት በዚህ ዓይነት ዘመን ነው። በ1948 በአምኸርስት ኮሌጅ የፋይ ካፓ ሳይ ቅርንጫፍ አንድ ጥቁር ተማሪ ሲቀበል፣ ዋናው ማኅበር ቅርንጫፉን አገደ። ልጆቹ ግን ጓደኛቸውን አላስወጡም፤ ከዋናው ማኅበር ተለይተው በራሳቸው ቆሙ። እዚህ ላይ ጨቋኙ ዲኑ አልነበረም፤ ራሱ «ወንድማማችነት» ነበር።

አስተዳደሩስ መልአክ ነበር ወይ? አይደለም። ፕሪንስተን ፍራተርኒቲን በፊርማ ቢያጠፋም ተማሪው የሚበላበትን ነገር አላሰበበትም ነበርና፣ በቦታው የመብል ክበቦች በቀሉ፤ የመጀመሪያው፣ አይቪ፣ በ1879 ተመሠረተ። እነሱም ይመርጣሉ፤ ያልተመረጠው ብቻውን ይቀራል። ፕሬዚዳንቱ ውድሮ ዊልሰን በ1907 ተማሪው ሁሉ ከመምህራን ጋር ባንድ ግቢ እንዲኖርና እንዲበላ ዕቅድ አቀረቡ። ቦርዱ በሰኔ እሺ ብሎ፣ የቀድሞ ተማሪዎች ሲጮኹ በጥቅምት መልሶ ሻረው። ደግሞ እኒሁ ዊልሰን፣ ክበቦቹ ሰው ለያዩ ብለው የተቆጡት፣ ጥቁር ተማሪ ወደ ፕሪንስተን እንዳይመጣ ያከላክሉ ነበር። የክበቡን በር ክፈቱ እያሉ የግቢውን በር መዝጋት!

ነገሩ የተፈታው በዊልያምስ ኮሌጅ ነው እንላለን። እዚያ ፍራተርኒቲ የገባው በ1833 ነው፤ ከመቶ ዓመት በኋላ አብዛኛው ነባር ተማሪ የሚበላው በማኅበራቱ ቤት ነበር። በ1961 ተማሪዎች ራሳቸው ይህ ሥርዓት ይመርመርልን ብለው አቤት አሉ። በ1962 የአንጀቫይን ኮሚቴ ማደሪያውንም መብሉንም ኮሌጁ ይረከብ አለ። ፕሬዚዳንቱ ጆን ሶየር የቀድሞ ተማሪዎችን ቁጣ ችለው በዚሁ ጸኑ። ማንም ሳይመረጥና ሳይለመን አልጋና ገበታ ሲያገኝ፣ ማኅበራቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሰሙ። የፕሪንስተን ፊርማ ያላደረገውን የዊልያምስ ወጥ ቤት አደረገው።

ታዲያ በዚህ ሁሉ ደስ ብሎን ብቻ አንለፍ። ቁልፉ ከማኅበርተኛው ኪስ ወጥቶ ወደ አስተዳደሩ ኪስ ነው የገባው። የሚያበላ ያዛል፤ ይህን ለተማሪ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ስለዚህ ተማሪ የራሱ ማኅበር ያስፈልገዋል፤ በዚህ አንደራደርም። ነገር ግን ማኅበር ስናቋቁም የመጀመሪያው ጥያቄያችን «አስተዳደሩ ይፈቅድልናል ወይ?» ብቻ ከሆነ፣ የእነዚያን ወንድማማቾች ስሕተት ደግመናል። ደጅ የቀረው ማን ነው? ብለን እንጠይቅ፤ በሩንም ሄደን እንክፈትለት።