ራሷን የምትመራ ጀልባ

ከባሕር ርቆ ላደገ ሰው የባሕር መጽሐፍ ልዩ ጣዕም አለው። እኔ በልጅነቴ የማውቀው ጀልባ በጣና ላይ የሚቀዘፈውን የደንገል ታንኳ ብቻ ነበር። ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ሲከብድም ታንኳው ይጣልና በምትኩ ሌላ ይታሰራል። ስለዚህ ጀልባ ማለት ለእኔ ጥቂት አገልግሎ የሚያልፍ ዕቃ ነበር። ይህን አሳቤን ያስለወጠኝ በ1900 የታተመው የካፒቴን ጆሹዋ ስሎከም የጉዞ መጽሐፍ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሎከም ዓለምን በሸራ ጀልባ ብቻውን የዞረ የመጀመሪያው ሰው ነው። ሚያዝያ 24 ቀን 1895 ከቦስተን ተነሣ፤ 46,000 ማይል ያህል ተጉዞ ሰኔ 27 ቀን 1898 ኒውፖርት ገባ። መጽሐፉን መጀመሪያ ያነበብሁት ለጀብዱው ነበር፤ ማዕበሉን፣ የባሕር ወንበዴዎቹን፣ የማጄላንን የባሕር ወሽመጥ። ሁለተኛ ሳነብበው ግን አንድ ጥያቄ አላስቀምጥ አለኝ። ይህ ሰው መቼ ተኛ? ውቅያኖስ ላይ ብቻውን የሆነ መርከበኛ ዓይኑን ሲከድን መሪውን ማን ይይዝለታል? መልሱን ያገኘሁት በሰውየው ጉብዝና ውስጥ ብቻ ሳይሆን በጀልባዋ አሠራር ውስጥም ነው።

አስቀድሞ ስለ ሰውየው ጥቂት ልበል። ስሎከም በ1844 በኖቫ ስኮሺያ ተወለደ፤ ዕድሜውንም በታላላቅ የሸራ መርከቦች ላይ አሳለፈ። ጎልምሶ ካፒቴን በሆነበት ዘመን ግን የእንፋሎት መርከብ መጥቶ የሸራውን ንግድ እየገደለው ነበር። በ1884 ባለቤቱ ቨርጂኒያ በቦነስ አይረስ ሞተችበት። በ1887 መገባደጃ ደግሞ የገዛ መርከቡ በብራዚል ጠረፍ ተሰብራ ቀረች። ከዚያም በገዛ እጁ ትንሽ ጀልባ ሠርቶ ሁለተኛ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ወደ አሜሪካ ተመለሰ። ጀልባዋ ውኃ የነካችው በግንቦት 13 ቀን 1888፣ በብራዚል ባርነት በተሻረበት ዕለት ስለ ነበር «ሊበርዳዴ»፣ ማለትም «ነፃነት» ብሎ ሰየማት። አገሩ ሲደርስ ግን ለእንደ እርሱ ያለ ካፒቴን ሥራ አልነበረም።

በ1892 ኢበን ፒርስ የተባለ የቀድሞ የዓሣ ነባሪ አዳኝ ካፒቴን «ጥቂት ጥገና የሚያስፈልጋት መርከብ» እሰጥሃለሁ አለው። ስሎከም ወደ ፌርሄቨን ከተማ ሄዶ ቢያይ፣ መርከብ የተባለችው ከባሕር ርቃ በመስክ ላይ በድጋፍ የቆመች፣ ሸራ የለበሰች አሮጌ ጀልባ ሆና አገኛት። በደኅናው ጊዜዋ ኦይስተር የሚባለው ባለዛጎል የባሕር እንስሳ ይለቀምባት ነበር ይባላል። ስሟ ስፕሬይ ነው፤ ማዕበል ሲመታ የሚረጨው ውኃ ማለት ነው። የሰፈሩ ሰዎች ሊያፈርሳት የመጣ መስሏቸው ነበር። እርሱ ግን በአቅራቢያው ከቆመ የኦክ ዛፍ አዲስ የአከርካሪ ግንድ አወጣላት። ጎድኖቿን በእንፋሎት እያለሰለሰ አጎበጣቸው፤ ጎኗን በጆርጂያ ጥድ ሳንቃ ለበጠ፤ የሳንቆቹን መጋጠሚያ በጥጥና በቃጫ ጠቀጠቀ። አሮጌው እንጨት አንድ በአንድ እየወጣ አዲሱ ገባ። ሥራው 13 ወር፣ ወጪውም 553 ዶላር ከ62 ሳንቲም ፈጀ። በመጨረሻ አሮጌዋ የት እንዳበቃች፣ አዲሲቱም የት እንደ ጀመረች መለየት አስቸጋሪ ሆነ፤ ስሟ ግን ያው ስፕሬይ ቀረ። የእኛ ታንኳ ሲያረጅ ይጣላል፤ ይህች ግን በስሟ ጸንታ ሥጋዋን ለወጠች።

አሁን ወደ ቅርጿ እንምጣ። ርዝመቷ 11.2 ሜትር፣ ስፋቷ 4.3 ሜትር፣ የውስጥ ጥልቀቷ 1.27 ሜትር ያህል ነበር። ለርዝመቷ እጅግ ሰፊ ናት፤ ለእሽቅድምድም የሚሠሩት ጀልባዎች ቀጭኖች ሲሆኑ እርሷ እንደ ባልቴት የተንደላቀቀች ነበረች። ሁለት ክፍሎች ነበሯት፤ የፊተኛው ለማብሰያ፣ ሰፊው የኋለኛው ለመኝታና ለመጻሕፍት። እንዳትገለበጥ የሚያከብዳት ሸክም ሲሚንቶ ሆኖ በሆዷ ውስጥ በድጋፍ ታስሮ ተቀምጧል፤ ከአከርካሪዋ በታች፣ ከውጭ በኩል የተንጠለጠለ ክብደት አልነበራትም። አቅጣጫ ለማስላት የያዘው ሰዓት እንኳ መስታወቱ በመሰበሩ በአንድ ዶላር የተገዛ የቆርቆሮ ሰዓት ነው።

የስፕሬይ ምሥጢር ሚዛኗ ነው። የአከርካሪ ግንዷ ከፊት እስከ ኋላ ረጅም ስለ ሆነ በቀላሉ አትዞርም። ሸራዋም ከፊት ከአፍንጫዋ አልፎ ከወጣው እንጨት ጀምሮ እስከ ኋላዋ ድረስ የተዘረጋ ነበር። ነፋስ ከኋላ ሲነፍስ የፊተኛው ሸራ በመካከል ተወጥሮ ይታሰራል። ጀልባዋ ወደ አንድ ወገን ስትስት ነፋሱ ያን ሸራ በጎኑ ያገኘውና አፍንጫዋን ገፍቶ ወደ መንገዷ ይመልሳታል። መሪው በገመድ ታስሮ፣ ሰውየው ተኝቶ፣ ስፕሬይ ትሄዳለች። በጉዞው መካከል፣ በ1896፣ በማጄላን ወሽመጥ ከኋላዋ አንዲት ትንሽ ተጨማሪ ምሰሶና ሸራ አቆመላት።

ከአዞረስ ደሴቶች ወደ ጂብራልታር ሲጓዝ ስሎከም አይብና ፕለም በልቶ ሆዱን ታመመ። በክፍሉ ወለል ላይ ራሱን ስቶ ወደቀ፤ ማዕበሉም በረታ። ሲነቃ አንድ ረጅም ሰው መሪውን ይዞ ቆሞ ያየ መሰለው፤ ሰውየውም የኮሎምበስ መርከብ የፒንታ መሪ ነኝ አለው። ሲነጋ ማንም አልነበረም። ስፕሬይ ግን መንገዷን ሳትስት በሌሊቱ 90 ማይል ተጉዛ ነበር። ይህን ገጽ ባነበብሁ ቁጥር ይደንቀኛል፤ የታመመው አእምሮ የጀልባዋን ሚዛን ሰው አድርጎ ሣለው።

በ1896 ሳሞአ ሲደርስ ከሁለት ዓመት ያህል በፊት የሞተውን የደራሲውን የሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰንን ባለቤት ፋኒን አገኘ። እርሷም የባሏን የባሕር መንገድ መጻሕፍት ሰጠችው፤ የቀርከሃ ምሰሶም ጨመረችለት። ያ ቀርከሃ ከአፍንጫዋ ፊት ታስሮ ተጨማሪ ሸራ ተሸከመ። በ1897 ከተርስዴይ ደሴት እስከ ኮኮስ ኪሊንግ ደሴቶች ያለውን 2,700 ማይል በ23 ቀን ሲያቋርጥ፣ መሪ የያዘበት ጊዜ ተደምሮ ከሦስት ሰዓት አይበልጥም ነበር።

ይህን ዝና የሰሙ ብዙዎች የስፕሬይን አምሳያ ሠርተው ባሕር ገቡ። መርከብ ቀያሹ ጆን ሃና ግን አጥብቆ አስጠነቀቃቸው። ስፋቷ በመጠነኛ ማዕበል እንደ ጠረጴዛ ያጸናታል፤ ዳሩ ግን ማዕበሉ ከልኳ በላይ ካጋደላት ያው ስፋቷ ተገልብጣ እንድትቀር ያደርጋታል፤ ጠረጴዛ ሲገለበጥ በጀርባው እንደሚጸና ማለት ነው። በሆዷ ያለው ሲሚንቶ መልሶ ለማቃናት በቂ ጥልቀት የለውም። በኋላ ዘመን የተሠሩት የረጅም ጉዞ ጀልባዎች በአብዛኛው እርሳስ ወይም ብረት ከሥራቸው ዝቅ አድርገው የሚያንጠለጥሉት ስለዚህ ነው፤ ብትጋደል ክብደቱ ስቦ ይመልሳታል። ስፕሬይ በሰውነቷ የሠራችውን ራስን መምራትም እንግሊዛዊው ብሎንዲ ሃስለር በነፋስ የሚሠራ መሣሪያ ሰጠው፤ በ1960ም በዚያ መሣሪያ አትላንቲክን ብቻውን አቋረጠ።

ስሎከም በኅዳር 1909፣ በ65 ዓመቱ፣ በዚያችው ጀልባ ወደ ደቡብ አሜሪካ ብቻውን ተነሣ። ከዚያ ወዲህ እርሱንም ጀልባዋንም ያየ የለም። በ1924 ሕግ እንደ ሞተ ቈጠረው። ሌላ መርከብ ገጭቷቸው ይሁን፣ ማዕበል ገልብጧቸው ይሁን፣ ወይስ ያረጀው ሳንቃ ተፈትቶ፣ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

እኔ ግን በዚህ ታሪክ ስሎከምን የምወቅስበት ልብ የለኝም። ዘመኑ «አታስፈልግም» ያለው ሰው፣ ዘመኗ አልፏል የተባለችን ጀልባ ከመስክ አንሥቶ ጎድኗን ተካላት፤ እርሷም ሦስት ዓመት ሙሉ እያስተኛች ተሸከመችው። ሚዛኗ ልክ እንዳለው ያውቅ ይሆናል ብዬ አስባለሁ። አብረው ያረጁ ሰዎች አንዳቸው የሌላቸውን ድካም እያወቁ መንገድ እንደሚወጡ፣ እርሱም እያወቀ የወጣ ይመስለኛል።