«እንኳን ደስ አለዎት»፦ የሐሰት ዕጣ ጥሪ ታሪክ

ስልክ ከመፈልሰፉ ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ከፓሪስ በስተደቡብ በሚገኘው የቢሴትር እስር ቤት እስረኞች ደብዳቤ እየጻፉ የሰው ገንዘብ ይበሉ ነበር። ከወንጀለኝነት ተነስቶ የፓሪስ ምስጢራዊ ፖሊስ አለቃ ለመሆን የበቃው ፍራንስዋ ቪዶክ እ.ኤ.አ. በ1828 ማሳተም በጀመረው ማስታወሻው አሠራሩን ዘርዝሮታል። ደብዳቤ ጻፊው በአብዮቱ ዘመን የተሰደደ የአንድ ባላባት አገልጋይ ነኝ ይላል። ወርቅና አልማዝ የሞላበት ሣጥን ተደብቋል፤ ቦታውን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ታስሯል። ጥቂት ገንዘብ የሚልክለት ደግ ሰው ቢገኝ ሀብቱን ያካፍለዋል። ቪዶክ እንደሚለው ከመቶ ደብዳቤ ሃያው መልስ ያገኝ ነበር። እኔን ከሣጥኑ ተረት ይልቅ የሚያስገርመኝ ግን ዝግጅቱ ነው። እስረኞቹ ደብዳቤውን በዘፈቀደ አልበተኑም፤ በየአውራጃው የሚኖሩ ባለጸጎችን ስምና አድራሻ እያጠያየቁ ይሰበስቡ ነበር። ዛሬ «ዕጣ ደርሶዎታል» ብሎ የሚደውለው ሌባም የሚኖረው በእነዚሁ በሁለቱ፣ በስም ዝርዝርና በቅድሚያ ክፍያ ነው። ተረቱ በየዘመኑ ይለወጣል። ስለዚህ ማጭበርበሩን ለመለየት አዲስ የመጣውን ተረት ሁሉ ማወቅ የግድ አይደለም፤ ገንዘቡ ከማን ወደ ማን እንዲሄድ እንደተፈለገ ማየት ይበቃል ብዬ እከራከራለሁ።

የተደበቀው ሣጥን ቦታውን ለሎተሪ የለቀቀው ቀስ በቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ፣ በተለይ በላስ ቬጋስ ከተማ፣ በስልክ የሚሸጡ ድርጅቶች እንደ አሸን ፈሉ። ከመካከላቸው ብዙዎቹ «ከአምስቱ ሽልማቶች አንዱ የእርስዎ ነው» እያሉ ይደውሉ ነበር፤ ሽልማቱን ለመውሰድ ግን አስቀድሞ ቫይታሚን ወይም እስክሪብቶ በብዙ መቶ ዶላር መግዛት ያስፈልጋል። ስልኩ ለደብዳቤው ያልነበረውን ጉልበት ሰጣቸው። ደብዳቤ አንብቦ ለጎረቤት ማሳየት፣ አንድ ሌሊት አድሮበት ማሰብ ይቻላል። ስልክ ላይ ያለ ሰው ግን ድምፁን አለስልሶ፣ በስም እየጠራ፣ «ቢዘጉት ዕድሉ ያልፍዎታል» እያለ ማሰቢያ ጊዜውን ይነጥቃል። የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1994 የስልክ ሽያጭ ማጭበርበርን የሚከለክል ሕግ አወጣ። በማግስቱ ዓመት የወጣው ደንብም ሽልማት አለ ብሎ የሚደውል ሁሉ ለማሸነፍ ምንም መግዛትም ሆነ መክፈል እንደማያስፈልግ እንዲናገር አስገደደ። ሕግ አውጪዎቹ የንግዱ ሥር የት እንዳለ በትክክል ለይተውት ነበር።

ንግዱ ግን አልሞተም፤ ባሕር ተሻገረ። በሰሜን ምዕራብ ጃማይካ የምትገኘው ሞንቴጎ ቤይ የቱሪስት ከተማ ናት፤ ለአሜሪካ ደንበኞች መልስ የሚሰጡ የጥሪ ማዕከሎችም አሉባት። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ዓመታት ከተማዋ በሐሰተኛ ሎተሪ ጥሪ ስሟ ገነነ። ጃማይካ ከአሜሪካ ጋር አንድ ዓይነት የአገር መለያ ቁጥር ስላላት፣ ከ876 የሚነሳ ጥሪ ለአሜሪካዊቷ አሮጊት ከሌላ ክፍለ ግዛት የተደወለ ይመስላታል። ደዋዩ ቤቷን በኢንተርኔት ካርታ አይቶ የቀለሙን ዓይነት ይነግራታል። ገንዘቡን በመጽሔት ገጾች መካከል ደብቃ በፖስታ እንድትልክ ያዛታል። የሐዋላ ቤቱ ሠራተኛ ከጠየቃት «ለዘመድ ነው» እንድትል ያስጠናታል፤ ለልጆቿም እንዳትናገር ያስጠነቅቃታል። የስልክ ቁጥር፣ ዕድሜና አድራሻ የያዘው ዝርዝር ራሱ የሚሸጥ የሚለወጥ ሸቀጥ ሆነ፤ በእሱ የተነሳ በወሮበሎች መካከል ደም ፈሰሰ። የጃማይካ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ሕግ የሌሎችን ሰዎች መረጃ ለማጭበርበር ይዞ መገኘትን ወንጀል አድርጎ ደነገገ። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ደግሞ ሞንቴጎ ቤይ ባለችበት በሴንት ጄምስ ግድያ ስለበዛ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ።

«ስግብግብ ካልሆነ ማን ይታለላል?» የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ ግን ይህን አባባል አልቀበለውም፤ ጥፋቱን ከሌባው አንስቶ የተዘረፈው ላይ ስለሚጭን ብቻ ሳይሆን ከማስረጃው ጋርም ስለማይስማማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ ጃማይካዊ ደዋይ ለአንድ የ90 ዓመት አዛውንት 72 ሚሊዮን ዶላርና አዲስ መርሴዲስ ቤንዝ እንደደረሳቸው፣ ለግብር ግን 50 ሺህ ዶላር መላክ እንዳለባቸው ነገራቸው። ሰውየው ዊልያም ዌብስተር፣ የኤፍቢአይም የሲአይኤም ዳይሬክተር የነበሩት ናቸው። እሳቸው አልተታለሉም፤ ጥሪውን ለኤፍቢአይ አሳወቁ። ደዋዩ ወደ ዛቻ ተሸጋግሮ ቤታቸውን እንደሚያቃጥል ሲናገር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ ስድስት ዓመት የሚጠጋ እስራት ተፈረደበት። ከዚህ የምንረዳው ደዋዩ ስግብግብ ሰው መርጦ እንደማይደውል ነው። ዝርዝሩ ላይ ያለው ዕድሜ ነው፤ በዚያ ዕድሜ ብዙ ጊዜ ብቸኝነት አለ፣ የሚያነጋግር ሰው መናፈቅ አለ። በየቀኑ «እንደምን አደሩ» ብሎ የሚደውል ሰው ሌባ ነው ብሎ ማመን ሎተሪውን ከመተው ይበልጥ ይከብዳል።

በአገራችን ብሔራዊ ሎተሪ በ1954 ዓ.ም. ሲጀመር ዕድለኛው ራሱ ፈላጊ ነበር፤ ቲኬቱን ይዞ ወደ አዟሪው ሄዶ የወጣውን ቁጥር ያመሳክራል። ሞባይል ሲስፋፋ ይህ ተገለበጠ፤ ለሕዳሴው ግድብ በ8100 እንደተካሄደው ያለ በአጭር መልእክት የሚቆረጥ እውነተኛ ዕጣ ተለመደ። ስለዚህ «ያልቆረጡት ዕጣ አይደርስዎትም» የሚለው ምክር ልክ ቢሆንም አይበቃም፤ ስንቱን ዕጣ እንደቆረጠ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ሌባውም በዚያ ክፍተት ገባ። «ከቴሌ ነው የምንደውለው፣ እንኳን ደስ አለዎት፤ ስልኩን ሳይዘጉ ባለመቶ ካርድ ያስገዙና ፍቀው ቁጥሩን ያንብቡልን» ይላል። ባለካርዱ ቁጥሩን አንብቦ ሲጨርስ ሒሳቡ ሌላ ሰው ስልክ ላይ ተሞልቷል። የዲቪ ተስፋም እንዲሁ ይነገድበታል። የአሜሪካ መንግሥት ግን ለዲቪ ዕድለኛ ስልክ አይደውልም፤ አመልካቹ ራሱ በፕሮግራሙ ድረ ገጽ ገብቶ ያያል፣ የቪዛውንም ክፍያ ለቃለ መጠይቅ ሲቀርብ በኤምባሲው ይከፍላል።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሳሉ፤ ሁለቱም ተገቢ ናቸው። አንደኛው፣ እውነተኛ ዕጣም ግብር አለበት የሚል ነው። አዎ፣ አለበት። ሽልማቱ ገንዘብ ከሆነ ግን ግብሩን ከፋዩ ድርጅት ራሱ ከሽልማቱ ላይ ቀንሶ ያስገባል። መኪና ወይም ሌላ ዕቃ ከሆነ ባለዕጣው ከኪሱ የሚከፍልበት ጊዜ አለ፤ ያም ቢሆን ቢሮው ድረስ ሄዶ፣ ሰነድ አይቶና ደረሰኝ ተቀብሎ ነው እንጂ በስልክ ለሚያዝ ግለሰብ በመላክ አይደለም። ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፦ የዛሬው ደዋይ አንዳንዴ አምስት ሳንቲም አይጠይቅም። በአጭር መልእክት የመጣውን ቁጥር ወይም የቴሌብር የምስጢር ቁጥርዎን ብቻ ይንገሩኝ ይላል። ታዲያ ገንዘቡ ወዴት ይሄዳል የሚለው መለኪያ ይሠራል? ይሠራል፤ ቁጥሩ የሒሳቡ ቁልፍ ስለሆነ የሰጠው ሰው ያለውን ሁሉ በቅድሚያ ከፍሏል። ሊሰጥ የደወለ ሰው ከተቀባዩ የሚፈልገው ቁልፍ የለም።

ክፍያው የንግዱ ደም ሥር መሆኑን የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግም አይቶታል። የሐዋላ ድርጅቱ ዌስተርን ዩኒየን እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ማጭበርበርን መርዳቱን አምኖ 586 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ገንዘቡም ለተጎጂዎች ካሳ ዋለ። ከዚያ የማያንስ ጉዳይ ግን ዝምታ ነው። አንድ ጊዜ የከፈለ ሰው ስሙ ከዝርዝሩ አይፋቅም፤ እንዲያውም ዋጋው ይጨምራል። «የተወሰደብዎትን እናስመልሳለን» የሚል ጠበቃ ነኝ ባይ ይደውልለታል፣ እሱም ክፍያ ይጠይቃል። ቤተሰቡ እንዳይቆጣው ፈርቶ የደበቀ ሰው ለዚህ ሁለተኛ ጥሪ የተመቻቸ ነው፤ በመዘረፉ የምንሰድበው ወላጅም በሚቀጥለው ጊዜ አይነግረንም። ኤፍቢአይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ባካሄደው የሲንየር ሴንቲነል ዘመቻ ይህንኑ አንድ ጊዜ ለከፈለ ሰው ደግሞ የመደወል ልማድ በሌቦቹ ላይ ተጠቀመበት። የተዘረፉ አረጋውያን ስልክ ቁጥራቸውን ለመርማሪዎቹ ሰጡ፤ ጡረተኛ በጎ ፈቃደኞች በእነሱ ቦታ ሆነው ስልኩን እያነሱ፣ የሞኝ ድምፅ እያሰሙ ጥሪውን ቀዱ። እ.ኤ.አ. በ1995 በመቶዎች የሚቆጠሩ ደዋዮች የተያዙት በእነዚያ ቅጂዎች ነው።