ሞራው የተገፈፈ ዓይን

ጉለሌ ውስጥ ጳውሎስ ሲባል የአዲስ አበባ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ሆስፒታሉን ነው። በዚያ ከሚሰጡት ሕክምናዎች አንዱ የዓይን ሕክምና ነው። ሞራ ዓይናቸውን የጋረደባቸው ሰዎች በልጅ እጅ እየተመሩ ይገባሉ፤ የደፈረሰው ወጥቶ በምትኩ ሰው ሠራሽ ሌንስ ሲተካላቸው መንገዱን ራሳቸው እያዩ ይወጣሉ። ቅዱስ ጳውሎስም በደማስቆ መንገድ ብርሃኑን አጥቶ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ዓይኑ የተከፈተለት ሐዋርያ ነውና ስምና ሥራ ተገጣጥመዋል።

እኛ ዛሬ የምናነሣው የካሜራን ዓይን ታሪክ ነው። የካሜራ ሌንስም እንደ ሰው ዓይን ብሌን አለው፤ ብርሃን ሲበዛ ይጠባል፣ ሲያንስ ይሰፋል። እንደ ሰው ዓይንም ሞራ ይይዘዋል። ልዩነቱ ሞራው በብልሃት ከተገፈፈለት ሌንሱ መቶ ዓመትም ቢሞላው ማየት መቻሉ ነው። የካሜራው ጨርቅ ይበጣጠሳል፣ ሞላው ይልማል፣ ፊልሙም ከገበያ ይጠፋል። መስታወቱ ግን ይቀራል። በየቤታችን ቁም ሣጥን ውስጥ ተረስተው የተቀመጡት አሮጌ ሌንሶች ምን ታሪክ እንደ ተሸከሙ፣ ዛሬስ ምን ሊሠሩ እንደሚችሉ ማወቅ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ወደ ቪየና እንሂድ። ፎቶግራፍ ለዓለም የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1839 ሲሆን፣ ያን ጊዜ የነበሩት ሌንሶች ብርሃን የሚያስገቡት በጠባቡ ስለ ነበር የሰው መልክ ለማንሣት እጅግ አዳጋች ነበር። ተነሺው ለደቂቃዎች ሳይንቀሳቀስ መቀመጥ ነበረበት። በ1840 ዮሴፍ ፔትስቫል የተባለ የቪየና ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ሊቅ በስሌት ብቻ አዲስ ሌንስ ነደፈ፤ ፎይግትሌንደር የተባለው ድርጅትም ሠራው። ይህ ሌንስ ከቀድሞዎቹ ከአሥር እጥፍ በላይ ብርሃን ያስገባ ነበር። የሰው ፊት ፎቶግራፍ ሥራ የሆነው፣ ፎቶ ቤት የሚባለውም ነገር በከተሞች የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው።

የእኛ ታሪክ ከሌንስ ታሪክ ጋር በጉልህ የተገናኘው በመቅደላ ጊዜ ነው። በ1860 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጡት የመሐንዲስ ክፍል ፎቶግራፍ አንሺዎች የአገሩን ተራራና መንገድ፣ የሰፈሩንም ሁኔታ አነሡ። አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ በሰባት ዓመቱ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1868 ማለት ነው፣ በዋይት ደሴት ትኖር የነበረችው ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ልዑሉን ፎቶግራፍ አነሣችውና «ደጃች ዓለማየሁ» ብላ ሰየመችው። ሐዘን የተጫነውን የዚያን ሕፃን ፊት ዛሬም የምናውቀው ከእርሷ ፎቶግራፎች ነው።

ይህች ሴት ሥራ የጀመረችው ዣሜን በተባለ የፈረንሳይ ሌንስ ነበር። ከ1866 ጀምሮ ደግሞ ለትልቅ ካሜራ የሚሆን፣ የለንደኑ ዳልሜየር የሠራውን ሌንስ ያዘች። በዘመኗ የነበሩ የፎቶግራፍ ሰዎች ሥዕሎችሽ ጥራት የላቸውም፣ ደብዛዛ ናቸው እያሉ ይነቅፏት ነበር። እርሷ ግን ሌንሱን እያዞረች ፊቱ ለዓይኗ ውብ ሆኖ የታያት ቦታ ላይ ታቆመዋለች እንጂ እያንዳንዱ ፀጉር እስኪቆጠር ድረስ አትሄድም ነበር። ዓይኑ ጎልቶ፣ ጆሮውና ልብሱ ቀስ እያለ ወደ ጥላ የሚሟሟበት ያ ለስላሳ መልክ ዛሬ ሰዎች አሮጌ ሌንስ ፍለጋ የሚዞሩበት ምክንያት ሆኗል። ካሜሮን የጀመረችበት ሌንስ አሁን በለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ተቀምጦ ይገኛል።

በአገራችንም ከተማ ውስጥ ፎቶግራፍ ሙያ ሆኖ የተተከለው በስደተኛ እጅ ነው። ቤድሮስ ቦያጂያን የተባሉት አርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1905 አዲስ አበባ ገብተው የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኑ። ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶርኮምም ሙያውን ከአባታቸው ወርሰው በንግሥት ዘውዲቱና በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ቀጠሉ። ከምኒልክ እስከ ኃይለ ሥላሴ የነበሩትን ነገሥታት ፊት ለትውልድ ካስተላለፉት ዋነኞቹ እነዚህ አባትና ልጆች ናቸው። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒ ዤራር እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት የጥንት ፎቶግራፎች መጽሐፍ ውስጥ ከ1867 እስከ 1935 የተነሡት ሥዕሎች ከነአንሺዎቻቸው ታሪክ ቀርበዋል። የታሪክ ጸሐፊ የአንሺውን ስም ይመዘግባል፤ የተነሺውንም ማዕረግ ይጽፋል። በመካከላቸው የቆመውን መስታወት ስም የሚጽፍ ግን እምብዛም ነው።

የመስታወቱ ታሪክ ደግሞ የጦርነትና የምርኮ ታሪክ አለበት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የሌንስ ሥራ መዲና የጀርመኗ ዬና ከተማ ነበረች። በዚያ የሚገኘው የካርል ዛይስ ድርጅት በ1902 ቴሳር የተባለውን አራት መስታወት ያለው ሌንስ አወጣ። በ1935 ደግሞ አሌክሳንደር ስማኩላ የተባለው የድርጅቱ ሊቅ መስታወትን በስስ ሽፋን ቀብቶ ነጸብራቅ የሚቀንስበትን ዘዴ አገኘ። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ቢዮታር የተባለ ባለ ስድስት መስታወት፣ 58 ሚሊ ሜትር ሌንስ ለትንንሽ ካሜራዎች ቀረበ።

በ1945 ጸደይ የአሜሪካ ጦር ዬናን ያዘ። ከተማዋ ለሶቪየቶች የምትለቀቅ መሆኗን ስላወቀ ሲወጣ የዛይስን ሊቃውንት ይዞ ወደ ምዕራብ ሄደ፤ እነርሱም ኦበርኮኸን በተባለች ከተማ አዲስ ፋብሪካ አቆሙ። ሶቪየቶች በተራቸው ከፋብሪካው መሣሪያዎች ብዙውን ነቅለው በጦርነት ካሣ ስም ወደ አገራቸው ወሰዱ። በሞስኮ አጠገብ በምትገኘው ክራስኖጎርስክ የቢዮታር ንድፍ እንደ አዲስ ተሰልቶ ሄሊዮስ የሚል ስም ወጣለት፤ በግሪክኛ ፀሐይ ማለት ነው። ዜኒት ከተባለው ካሜራ ጋር እየተገጠመም በሚሊዮን የሚቆጠር ተመረተ። «ዜኒት ኢ» የተባለው ዓይነት ብቻ ከ3 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ያገባናል ለሚል አንባቢ መልሱ ቅርብ ነው። ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ ደርግ ፊቱን ወደ ሶሻሊስት አገሮች ሲያዞር፣ በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶቻችን ወደ ሶቪየት ኅብረትና ወደ ምሥራቅ ጀርመን ለትምህርት ተልከዋል። በዚያ አገር በተማሪ አቅም የሚገዛው ካሜራ ዜኒት ወይም ፕራክቲካ ነበር። በቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ አንድ ዜኒት፣ በጀርመን ተወልዶ፣ በሩሲያ ስሙን ለውጦ፣ በተማሪ ሻንጣ አዲስ አበባ የገባ መስታወት ሊሆን ይችላል። የብዙ ቤተሰብ ሠርግና ክርስትና፣ የምረቃ ቀንና የመስቀል በዓል በአልበም የቀረው በእንዲህ ያለ ሌንስ አልፎ ነው።

አሁን ወደ ሞራው እንምጣ። የአዲስ አበባ ክረምት ለሌንስ ደግ አይደለም። ከሰኔ እስከ መስከረም አየሩ ውሃ አዝሎ ሲከርም፣ በጨለማ የተዘጋ ሌንስ ውስጥ ሻጋታ እንደ ሸረሪት ድር ይዘረጋል። ሻጋታው በጊዜ ካልተወገደ የሚያወጣው አሲድ ሽፋኑን፣ ቆይቶም መስታወቱን ራሱን ይበላል። ያን ጊዜ ሐኪም አይመልሰውም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ሰው ለክብሩ ብሎ የሚያስቀምጥበት የቆዳ ቦርሳ ነው፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛልና።

ሌንሱ ታማሚ መሆኑን ለማወቅ ብሌኑን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ከኋላው የእጅ ባትሪ ማብራት ይበቃል። ድር ካለ ይታያል። ጥቂት ትቢያ ብቻ ከሆነ ግን አለመንካት ነው፤ ትቢያ በሥዕሉ ላይ የሚያመጣው ጉዳት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ብዙ ሌንስ የሞተው በሕመሙ ሳይሆን በአጣቢው እጅ ነው። በነጠላ ጫፍ ወይም በሸሚዝ መወልወል የአሮጌ ሌንስን ለስላሳ ሽፋን በጭረት ይሞላዋል።

መፍታት ግድ ሲሆን ሥራው የሰዓት ሠሪ ትዕግሥት ይጠይቃል። ቪቴዎቹ ጥቃቅን ስለሆኑ በልካቸው የሆነ ካቻቢቴ ያስፈልጋል፤ ቀለበቶቹንም በፒንሳ መያዝ ማቁሰል ነው። ፎከስ የሚዞርበት ጠመዝማዛ ጥርስ ሲፈታ፣ ሁለቱ ክፍሎች የሚላቀቁበትን ነጥብ በመርፌ ጫፍ ምልክት ማድረግ ግዴታ ነው። ጥርሱ ብዙ መግቢያ ስላለው በተሳሳተው ከገባ ሌንሱ ይዞራል እንጂ የሩቁን አጥርቶ አያይም። የደረቀው ቅባት በአልኮል ወይም በላይተር ቤንዚን ይታጠባል። በምትኩ የመኪና ግራሶ መቀባት ግን ትልቅ ጥፋት ነው። ግራሶው በፀሐይ ሙቀት ቀልጦ ወደ ብሌኑ ቅጠሎች ይፈስና ያጣብቃቸዋል። እንዲሁም አንዳንዶቹ መስታወቶች ሁለት ሆነው በሙጫ የተጣበቁ ናቸውና በፈሳሽ መዘፍዘፍ የለባቸውም።

ከሞራ ሁሉ የሚገርመው የቢጫው ዓይነት ነው። ጃፓኖች በ1960ዎቹ ታኩማር በተባሉት አንዳንድ ሌንሶቻቸው ቶሪየም የተባለ ጨረር ያለው ማዕድን መስታወቱ ውስጥ ጨምረው ነበር። እነዚህ ሌንሶች በዓመታት ብዛት እንደ ጠጅ ቢጫ ይሆናሉ። መድኃኒታቸው ካቻቢቴ አይደለም፤ ለጥቂት ሳምንት ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነው። በእኛ አገር ይህ መድኃኒት በነፃ ነው።

ሞራው የተገፈፈለት ሌንስ በምን ካሜራ ላይ ይገጠማል? እዚህ ላይ የሁሉ ነገር ቁልፍ አንድ ልኬት ነው፤ ሌንሱ ከሚገጠምበት ቀለበት አንሥቶ ፊልሙ ወይም ዛሬ በፊልም ፈንታ ያለው የብርሃን መቀበያ እስካለበት ያለው ርቀት። የዜኒትና የፕራክቲካ ባለ 42 ሚሊ ሜትር ጥርስ ሌንሶች የተሠሩት ለ45.46 ሚሊ ሜትር ነው። በ1987 የወጣው የካኖን አገጣጠም 44 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በመካከል ያለውን ስስ ቀለበት ሞልቶት ይስማማል። የኒኮን ግን 46.5 ነው። ሌንሱ በአንድ ሚሊ ሜትር ያህል ከቦታው ይርቅና በአጠገብ ያለውን ሰው ፊት አጥርቶ ሲያይ፣ ከጳውሎስ ቀና ብሎ እንጦጦን ሊያነሣ ቢሞክር ተራራው ይደበዝዝበታል። አንድ ሚሊ ሜትር እንጦጦን ትጋርዳለች።

ይህን እንቅፋት ያነሣው በ2008 በፓናሶኒክ የተጀመረው፣ በውስጡ የሚገለባበጥ መስተዋት የሌለው የካሜራ ዓይነት ነው። መስተዋቱ ሲወጣ ርቀቱ አጠረ፤ በ2010 የወጣው የሶኒ አገጣጠም 18 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከ45 ላይ 18 ሲቀነስ የሚተርፈው ቦታ ለቀለበት ሰፊ ነው። በዚህም ምክንያት የቀድሞው ሌንስ ሁሉ ማለት ይቻላል በዛሬው ካሜራ ላይ መግባት ቻለ። ቀለበቱ የሚገዛ ነው፤ ልኬቱን የሚያከብር ጥሩ ቶርኖ ሠራተኛም ሊያወጣው የሚችለው ነገር ነው። ካሜራው ፎከሱን ራሱ አያስተካክልም። አንሺው እንደ ካሜሮን ቀለበቱን በእጁ እያዞረ ፊቱ የት ላይ እንደሚያምር ራሱ ይወስናል።

ሄሊዮስ በዚህ ዓይነት ሲገጠም ከተነሺው በስተጀርባ ያለው ቅጠልና ብርሃን እንደ አዙሪት ይሽከረከራል። ነዳፊዎቹ ይህን እንደ ጉድለት የቆጠሩት ነበር፤ ዛሬ ወጣቶች የሚፈልጉት ይህንኑ ጉድለት ነው። ዋናው ቁም ነገር ግን ውበቱ ብቻ አይደለም። አያቱን በ1970ዎቹ ያነሣው ሌንስ ዛሬ የልጅ ልጁን ማንሣት ከቻለ፣ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ትውልድ በአንድ ዓይን ታየ ማለት ነው። የዚህ ዓይነት ዝምድና በገንዘብ ተገዝቶ አይመጣም።

አሳሳቢው ነገር ጊዜው ማጠሩ ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ እንዳየነው፣ ቤት ሲለቀቅ መጀመሪያ የሚጣለው የማይሠራ የሚመስለው ዕቃ ነው። ሰው የሚታይ ዕቃ ይጭናል፤ የተዘጋ ቦርሳ ግን ማንም አይከፍትም። የቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ አንሺ ሽመልስ ደስታ ከ1963 እስከ 1982 እ.ኤ.አ. ያነሧቸው ሥዕሎች በ2007 ለንደን ላይ ለሕዝብ የታዩት ጠባቂ ስላገኙ ነው። ለሥዕሉ እንደተደረገው ሁሉ ለሌንሱም ጠባቂ ያሻዋል።

እንግዲህ ክረምቱ አልፎ የመስቀል ፀሐይ ሲወጣ ቁም ሣጥኑ ይከፈት። ሌንሱ ከቆዳው ቦርሳ ይውጣ፤ በባትሪ ይታይ። ድር ከሌለበት አየርና ብርሃን ያግኝና በደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ድር ካለበት ደግሞ ሻጋታው መስታወቱን ሳይበላው፣ ሌላ ክረምት ሳይደገምበት፣ ሙያውን ለሚያውቅ እጅ ይሰጥ።